የሰባተኛው ዓመት ዝናብ

የሞሚና ሥራ በቀን አንድ ቁጥር መናገር ነበር። ምሰሶው ሥር እስካለች ድረስ ከዚያች ቁጥር ሌላ ቃል ከአፏ እንዲወጣ አይፈቀድም። ቤቷ ስትመለስ የፈለገችውን ብታወራ ከልካይ የላትም፤ ግን ሃምሳ አንድ ዓመት የሞላት፣ ባሏን የቀበረች፣ አንዲት ልጇን ለሰመራ ከተማ የሰጠች ሴት ከማን ጋር ታውራ?

በ2070 ዓ.ም. በአቤ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ የቀሩት ቤቶች አሥራ አራት ነበሩ። ገና ጎሕ ሲቀድ የመንደሩ ሰው ከቧንቧው ፊት ይሰለፋል። ቧንቧው ዓይን አይቶ ሦስት ሊትር ይለቃል፤ ዓይኑ ያበጠበት ሰው እስኪድን ድረስ ጎረቤቱን ሲለምን ይከርማል። ፍየሎቹም ያው ናቸው። ጆሯቸው ላይ የተሰካችው ቁራጭ ተራቸው ሲደርስ አረንጓዴ ታበራለች፤ ካላበራች የገንዳው ክዳን አይከፈትም። ተራቸው በየሦስት ቀኑ ነው። እስከዚያው ክዳኑን በቀንዳቸው ሲደበድቡት ይውላሉ፤ የመንደሩ ሕፃናት የቀን እንቅልፍ የሚወስዳቸው በዚያ ድምፅ ነው።

ሞሚና ሦስት ሊትሯን ትቀበልና አንዱን በኮዳ ይዛ ወደ ውሃው ትወርዳለች። ሥራውን በጀመረችበት ዓመት ከደጇ እስከ ሐይቁ ሁለት መቶ እርምጃ ነበር። ዛሬ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። አዋሽ እዚህ ድረስ መምጣቱን የተወው በእሷ ዕድሜ ነው፤ ከላይ ያለው ሰው ሁሉ አንዳንድ ጉንጭ ሲጎነጭለት ወንዙ መንገድ ላይ ቀረ። ሐይቁ ሲሸሽ ትቶት የሄደው መሬት ነጭ ነው፤ ሲረግጡት ይሰበራል። ድሮ ውሃ ከቧቸው የነበሩት የኖራ ድንጋይ ማማዎች አሁን ደረቅ መሬት ላይ ቆመው እንፋሎታቸውን ይተፋሉ። ሞሚና በመካከላቸው ስታልፍ ሰላም ትላቸዋለች። ሌላ ሰላም የምትለው ስለሌለ ነው እንጂ አእምሮዋ ጤነኛ ነው።

ጀልባዋ ከቆርቆሮ የተሠራች፣ ሆዷ ዝርግ የሆነ ነገር ናት። በዘንግ እየገፋች ሃያ ደቂቃ ያህል ስትሄድ ምሰሶው ብቅ ይላል። የሐይቁ ወለል መሐሉ ላይ ያብጣል፤ ሁለቱን አገሮች የሚያካፍላቸው ያ ጉብታ ነው፤ ምሰሶውም የተተከለው ጉብታው ጀርባ ላይ ነው። ቀይና ነጭ ተቀብቶ በየሳንቲሜትሩ ተሰምሯል። የውሃውን ልክ ከሰማይ የሚያዩ ዓይኖች ሞልተው ነበር፤ ነገር ግን የጨው ነጸብራቁና እንፋሎቱ ያሳስታቸዋል፣ አንዱ ወገንም የሌላውን መሣሪያ አያምንም። ስለዚህ የሁለቱ አገሮች ስምምነት ሁለት የሰው ዓይን ይላል፤ ከዚህ አንድ፣ ከዚያ አንድ። ሁለቱ ዓይኖች አንድ ቁጥር ካሉ ያ ቁጥር እውነት ነው።

የዚህኛው ወገን ዓይን ሞሚና ነበረች። የዚያኛው ወገን ዓይን ያዮ ነበር።

ያዮ የእናቷ ወንድም ልጅ ነው። በአፋር ወግ አብሱማዋ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ለእሱ የታሰበች ነበረች። በ2038 ዓ.ም. እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ሠርጋቸው ለቀጣዩ ክረምት ተቆረጠ። ያዮ የአባቱን ግመሎች ይዞ ሣር ፍለጋ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ዞረ። በሦስተኛው ሳምንት ወሰኑ ተዘጋ።

ያኔ ሰው ሁሉ ለአንድ ወር ነው ብሎ ነበር። ከዚያ ስልክ ወሰን መሻገሩን ተወ። ከዚያ ከሐይቁ ሰሜንና ደቡብ የአንድ ቀን መንገድ የሚሆን መሬት ሰው እንዳይደርስበት ተከለለ። ከዚያ አንድ ወር ያሉት ሰዎች አረጁ።

ምሰሶው ሲተከል፣ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ፣ ሞሚና ሐይቁን ታውቃለች ተብላ ተቀጠረች። በመጀመሪያው ማለዳ እንፋሎቱን ከፍሎ የመጣው ጀልባ ላይ የቆመው ሰው ጺሙ ሸብቷል። ያወቀችው በአቋቋሙ ነው፤ ክብደቱን ሁልጊዜ በግራ እግሩ ይጥላል። ምሰሶው ጫፍ ላይ ዕንቁላል የምታክል፣ ቀይ መብራት ያላት መስሚያ ተተክላለች፤ ሰዉ «ጆሮው» ይላታል። ከቁጥር ሌላ ቃል የሰማች እንደሆነ ተናጋሪው በዚያው ቀን በሌላ ሰው ይተካል። የመጀመሪያው ተራ የያዮ ነበር።

«መቶ ስልሳ ሁለት» አለ።

«መቶ ስልሳ ሁለት» አለች ሞሚና።

ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ የተባባሉት ይኸው ነው። ሞሚና ወደ ቤቷ ስትመለስ ከማማዎቹ አንዱ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች፤ ደስታ ይሁን ሐዘን እስከ ዛሬ አታውቀውም።

ከዚያ ወዲህ አራት ሺህ ማለዳ አልፏል። አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እሷ እየቀደሙ ቁጥር ይናገራሉ። ሰው መቼም ካልቸገረው ብልሃት አያገኝም፤ ሞሚና ከአንዲት ቁጥር ብዙ ነገር መስማት ተማረች። ጉንፋን ሲይዘው ታውቃለች። ሳይተኛ ሲመጣ ታውቃለች። አንድ ዓመት ሽርጡ በሌላ ሰው እጅ የተሰፋ መስሎ ታያት፤ ስፌቱ ደቃቅ፣ የሴት እጅ የሚመስል ነበር። ያን ሰሞን ቁጥሯን ውሃ ውሃውን እያየች ነው የተናገረችው። ኋላ ጀልባው ውስጥ መርፌና ክር አየች፤ ራሱ ነበር የሚሰፋው። ያን ቀን ቁጥሩን የተናገረችው ልትስቅ ምንም ሳይቀራት ነው።

ልትነግረው የምትፈልገው ግን ሌላ ነበር። ያዮ ከሄደ በኋላ ሰባት ዓመት ጠብቃዋለች። በስምንተኛው አባቷ ለሌላ ሰው ሰጣት። ወሬ አንዳንዴ ከየትም ከየትም ይሾልካልና ወደዚያ የሾለከ እንደሆነ «ሞሚና አገባች» የሚለው ብቻ ሾልኮ ይሆናል፤ ሰባቱ ዓመታት ግን ከዚህ ቀርተው ይሆናል። ይህ ነገር ሆዷን ሲበላው ኖረ። ሦስት ቃል ነው፦ «ሰባት ዓመት ጠብቄሃለሁ።» ከምሰሶው ሥር ብትላት ጆሮው ትጮኻለች፤ ሞሚና በማግስቱ አትመጣም። እውነቱን አውቆ ዳግም ከማታየው፣ ሳያውቅ በየቀኑ ብታየው ይሻላል አለች። በየማለዳው ይህንኑ ታስብና በየማለዳው ዝም ትላለች።

አሁን ደግሞ ቁጥሩ ሊያልቅ ነው።

ስምምነቱ እንዲህ ይላል፤ ውሃው በጉብታው ላይ ለሦስት ተከታታይ ማለዳ ከአርባ በታች ከሆነ ሐይቁ አንድ ሐይቅ መሆኑ ይቀራል። ሁለት ሐይቅ ይሆናል፤ እያንዳንዱ አገር የራሱን ይይዛል። ምሰሶው ይነቀላል፣ የሁለቱ ዓይኖች ሥራ ያበቃል፣ በጉብታው ላይ አጥር ይቆማል። የጋራ ሐይቅ እስካለ ድረስ ደግሞ ማንም ብቻውን ውሃ አይጨምርበትም። ሁለት በሆነ ማግሥት ግን ከላይ ያለው የወንዙ መዝጊያ ለዚህኛው ወገን ይከፈታል፤ ገንዳው በየቀኑ ይሞላል። መንደሩ የሐይቁን መከፈል እንደ ሠርግ ቀን ይጠብቀው ነበር። ሽማግሌዎች ከአርባ በታች አድርግልን ብለው ሲጸልዩ ሞሚና አብራ እጇን ዘርግታ «አሚን» ትላለች፤ በልቧ የምትለውን እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ።

በየካቲት አጋማሽ ውሃው አርባ ሦስት ነበር። ከዚያ አርባ አንድ። ከዚያ አርባ።

በማግስቱ ሞሚና ምሰሶው ሥር ስትደርስ ጎንበስ ብላ አየች። ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ውሃው ጸጥ ብሏል፣ መስመሩ ጥርት ብሎ ይታያል። ተራው የያዮ ነበር። እሱም ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

«አርባ አንድ» አለ።

ያዮ ቀልደኛ አይደለም፤ ዓይኑም ገና አልደከመም። አባቱ በሦስት ጎሣ የታወቀ የዳጉ፣ የታመነ ወሬ፣ ሰው ነበር፤ ልጁ በዋሸ ጊዜ በጥፊ ከማለት ይልቅ ሦስት ቀን አያናግረውም ነበር። የዚያ ሰው ልጅ ሽበቱን ይዞ፣ ጆሮው እየሰማች፣ ለእሷ ሲል ዋሸ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ደብዳቤ ቢኖር ይኸው ደረሳት።

«አርባ አንድ» አለች።

ስትመለስ እግሯ መሬት የሚረግጥ አልመሰላትም። ለማማዎቹ ሁሉ ሰላም አለች።

መንደሩ ጫፍ ላይ አሲያ ጠብቃ ያዘቻት። አሲያ ፍየል አርቢ ናት፤ በዕድሜ ከሞሚና ታንሳለች፤ ምላሷም አይታሰርም። እጇን ይዛ ጥላ ሥር አስቀመጠቻት፤ ዳጉ ቆሞ አይነገርምና።

ሁለት አፋር ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይለዋወጥ አይተላለፍም። ዳጉ ከዝናብ ይጀምራል፤ ከዚያ ሣርና ውሃ፣ ከዚያ ከብት ይከተላል፤ ሰው መጨረሻ ነው። ከሰው የጀመረ ዳጉ መርዶ ነው። ሰሚው በየመሐሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ? በዚህ መዋሸት የለም። ውሃ በሌለበት ምድረ በዳ ውሃ አለ ብሎ የዋሸ ሰው ሰው ገድሏል፤ ከዚያ በኋላ የገዛ ስሙን ሲናገር እንኳ የሚያምነው አይገኝም።

አሲያ ዝናብ እንደሌለ፣ ሣርም እንደሌለ፣ ሁለት ግልገሎቿ በገንዳው ክዳን ላይ ሞተው እንዳገኘቻቸው ነገረቻት። ከዚያ፣

«ውሃው ስንት ሆነ?» አለቻት።

«አርባ አንድ።»

አሲያ ግንባሯን ቋጠረች። «ትናንት አርባ አልነበረም እንዴ? ጨመረ?»

«ነፋሱ ወደዚህ ገፍቶት ይሆናል።»

«አይተሽ ነው ወይስ ሰምተሽ?»

ሞሚና በዕድሜዋ ዳጉ ዋሽታ አታውቅም። «አይቼ ነው» አለች።

አሲያ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ሞሚና አይቼ ነው ካለች ታይቷል ማለት ነው፤ ነገሩ አለቀ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት አሥራ ዘጠኝ ቀናት፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በሞሚና ዕድሜ ከነበሩት ቀናት ሁሉ ያማሩ ነበሩ። አንድ ቀን እሱ አርባ አንድ ይላል፣ አንድ ቀን እሷ አርባ ትላለች። ውሃው በእውነት ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ሰባት እያለ ይወርዳል፤ እነሱ ከላዩ ሌላ ሐይቅ ሠርተው በዚያ ላይ ይንሳፈፋሉ። ሞሚና ጸጉሯን ቅቤ መቀባት ጀመረች። ያዮ አንድ ቀን ቁጥሩን ሲናገር ፈገግ አለ፤ ከፊት ጥርሶቹ አንዱ የለም። መቼ እንደ ወለቀ ለመጠየቅ አማራት፤ ዝም አለች። የምትጠይቅበት ሌላ ማለዳ አለ ብላ ተጽናናች። ሰው ሲመቸው ጊዜ የማያልቅ ይመስለዋል።

በሃያኛው ቀን ከሐይቁ ስትመለስ አሲያ ገንዳው አጠገብ ተቀምጣ አገኘቻት። የምትታለበው ፍየሏ እግሯን ዘርግታ ወድቃለች፤ ጆሮዋ ላይ ያለችው ቁራጭ አሁን አረንጓዴ አብርታ የገንዳው ክዳን ተከፍቷል። ተራዋ የደረሰው ከሞተች በኋላ ነው። አሲያ አታለቅስም። ሞሚናን ስታይ ጎኗን በእጇ መታ አደረገችላት፤ ሞሚናም ተቀመጠች።

«ዝናብ የለም» አለች አሲያ። «ሣር የለም። ጎረቤቶቻችን የአፋምቦ ሰዎች መንጋቸውን ወደ ላይ ሊያወጡ ተነሥተው ነበር። ውሃው አርባ አንድ ነው፤ ሞሚና አይታለች፣ ሐይቁ እየተመለሰ ሊሆን ይችላል አልኳቸው። አምነው ተቀመጡ። ትናንት ሠላሳ ፍየል አለቀባቸው። ይኼን ሰምቼ ነው።» ከዚያ ወደ ሞተችው ፍየል አየች። «ይኼኛውን አይቼ ነው።»

ሞሚና መልስ መስጠት ነበረባት፤ የዳጉ ወጉ ነው። ግን ወደ ሞተችው ፍየል ጎንበስ አለች። አሲያ በሐዘን ነው ብላ ትከሻዋን ዳበሰቻት። ያ ዳበሳ አንጀቷን በላው፤ ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

በማግስቱ የመቅደም ተራው የሞሚና ነበር። ያዮ ፈገግ እንዳለ መጣ። እሷ ጎንበስ ብላ መስመሩን አየች፤ ከዚያ ቀና አለች። ፊቱን ስታይ ሐሳቧ ሊለወጥ ምንም አልቀረውም። ዓይኗን ጨፈነች።

«ሠላሳ ስድስት።»

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። እንፋሎቱ በመካከላቸው አለፈ። እሱ አርባ ቢል ቁጥሮቹ ይጣላሉ፣ ዳኞች ይመጣሉ፣ ነገሩ ለወራት ይጓተታል፤ ለእነሱ ወራት ማለት መቶ ማለዳ ነው። ሞሚና ይህን ታውቃለች። እሱም ያውቃል። ዓይኗን ገልጣ አየችው፤ ስታየው እንባዋ ወረደ። ያዮ የእንባዋን ምክንያት ባያውቅም እንባዋን አወቀው።

«ሠላሳ ስድስት» አለ።

ከጽሕፈት ቤቱ የሚመራት ሐንፈሬ በሬዲዮ ጠራት። «በአንድ ሌሊት ይህን ያህል ቀነሰ?» አላት። «ሁለት ዓይን አይቷል» አለችው። እሱም ተወው፤ ሁለት ዓይን ካየው በኋላ ሦስተኛ ማን ይጨምራል። በሁለተኛው ማለዳ ሠላሳ ስድስት አሉ። በሦስተኛው ማለዳ ሠላሳ አምስት።

ሦስተኛው ቁጥር ከያዮ አፍ እንደወጣ የጆሮው ቀይ መብራት ጠፋ። የጋራ ሐይቅ ስለሌለ የጋራ ጆሮም የለም። ከሁለቱም ዳርቻ የጠባቂዎች ጀልባዎች ምሰሶውን ሊነቅሉ ተነሡ፤ የሞተራቸው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ለመድረስ ሩብ ሰዓት ይፈጅባቸዋል።

ሞሚናና ያዮ ከጠፋው መብራት ሥር ተያዩ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አልፎ አሁን መናገር ይችላሉ።

ያዮ ጀልባው ውስጥ ቁጭ አለ። እሷም ቁጭ አለች። ጀልባዎቹ ተነካኩ።

«ዳጉ?» አለ።

«ዳጉ» አለች። ከንፈሯ ላይ ያቺ ሦስት ቃል ተሰቅላለች። ግን ከሰው ከጀመረች መርዶ ነው። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ንግግራቸውን እንዴት መርዶ ታድርገው? በአጎቷ ልጅ ላይ እንዴት እንዲህ ያለ ሟርት ትጥላለች? ከዝናብ ጀመረች።

«በሄድክበት ዓመት ዝናቡ ሁለት ቀን ብቻ ነው የጣለው» አለች። «ወደ ማታ ሲሆን ከኮረብታው ላይ ሆኜ አየሁት። ወደ እናንተ ወገን ሲሻገር አየሁት።»

«ደርሶኛል» አለ ያዮ። «ከምዕራብ መጣ። ግመሎቹን ትቼ ቆሜ ነው የጠበቅሁት።»

«በሁለተኛው ዓመት አራት ቀን ዘነበ። ጎርፍ ነበር። ኮረብታው ላይ ቆሜ ዝናቡ ደበደበኝ።»

«እኛ ጋ አልዘነበም። ደመናውን ግን አየሁት። ከእናንተ ወገን መጥቶ ከላዬ አለፈ።»

ወግ መያዝ እንዲህ ነው! ሠላሳ ሁለት ዓመት ያልተነጋገሩ ሁለት ሰዎች ሩብ ሰዓት ተሰጥቷቸው ስለ ዝናብ ያወራሉ። የሞተሮቹ ድምፅ እየቀረበ ነው። ሦስተኛውን ዓመት ነገሩ፤ አራተኛውን፣ አምስተኛውን። ሁለቱም ቸኮሉ፤ አንዱንም ዓመት ግን አልዘለሉም። የዘለለ ደብቋል ይባላልና። በስድስተኛው ዓመት ያዮ እጁን ዘርግቶ የጀልባዋን ጠርዝ ያዘ። እጁ ከእጇ በስንዝር ይርቃል።

«በሰባተኛው ዓመት...» አለች ሞሚና።

የጠባቂዎቹ ጀልባ ጎን ለጎን መጥቶ ጀልባዋን ገጨ። «በቃ እናቴ፣ ውጡ ከዚህ፤ ምሰሶው ይነቀላል» አላት አንዱ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ክፋትም አላሰበም። ጀልባዋን በገመድ አስሮ ወደ ምዕራብ ጎተታት። ያዮን ወደ ምሥራቅ ጎተቱት። ቆሞ ነበር፤ ክብደቱን በግራ እግሩ ጥሎ። አፉ ሲንቀሳቀስ አየች፤ የሞተሩ ጩኸት ዋጠው። እንፋሎቱ መጣ፣ ከዚያ ወዲያ አልታየም።

መዝጊያው በሳምንቱ ተከፈተ። ጭቃ የቀላቀለ ውሃ ገንዳው ድረስ መጣ፤ ፍየሎች ቁራጫቸው ሳይበራ ጠጡ። አሲያ እየጨፈረች ከነልብሷ ውሃው ውስጥ ገባች። ሞሚና ደስ አላት፤ እውነት ደስ አላት። ከዚያ ቤቷ ገብታ ሁለት ቀን ተኛች። አሲያ ሾርባ ይዛላት ስትመጣ ስለ አርባ አንዱ ነገረቻት፤ ሙሉውን፣ እያንዳንዱን ማለዳ። አሲያ ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች። አንድ ወር አላናገረቻትም። በወሩ መጨረሻ በሯ ላይ አንድ ግልገል አስራባት ሄደች።

አጥሩ በጉብታው ላይ መሠራት ጀመረ። ከሰሜንና ከደቡብ ብረት እየተተከለ መጥቶ መሐል ላይ ይገጥማል። እያንዳንዱ ብሎን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ከዚህ ሆኖ ይይዛል፣ ሌላው ከዚያ ሆኖ ያጠብቃል። ሠራተኞቹ ከሁለቱም ወገን የመጡ አፋሮች ናቸው፤ ማንም አላስማላቸውም፣ የሚሰማቸው ጆሮም የለም። ሁለት አፋር በአንድ ብሎን ግራና ቀኝ ቆሞ ዝም ይላል ብሎ ያሰበ ካለ አፋርን አያውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአጥር ሠራተኞቹ አንዱ፣ ወግሪስ የሚባል ወጣት፣ ወደ ሥራው ሲመለስ ሞሚና ደጅ ቆሞ ውሃ ለመነ። ሰጠችው። ጠጣና ተቀመጠ። ዝናብ በዓይኑ አላየም፣ በሰሜን በኩል ዘነበ ሲሉ ግን ሰምቷል። ሣር ጥቂት አለ። ከብት እያገገመ ነው። ከዚያ ሰው ላይ ደረሰ።

«በዚያኛው ወገን አንድ ሽማግሌ አለ» አለ። «በየማለዳው መጥቶ አጥሩ ጋ ይቀመጣል። ከዚህ ወገን የመጣ ሰው ባየ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይጠይቃል።»

ሞሚና ጣሳውን መሬት አስቀመጠች። «አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?»

«አይቼ ነው። እኔንም ጠይቆኛል።»

«ምን ብሎ?»

«‹በሰባተኛው ዓመት ዘንቦ ነበር?› ይላል። ከመቼ ተቆጥሮ ሰባተኛ እንደሆነ አይናገርም። ሰዉ አእምሮውን ነክቶታል ይላል፤ ይኼን ሰምቼ ነው።» ወግሪስ ሳቅ አለ። «ነገ የመጨረሻው ብሎን ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልስለታል?»

ሞሚና ነጠላዋን አስተካክላ ከፊቱ ተቀመጠች። ዳጉን የተቀበለ ሰው መስጠትም አለበት፤ አሁን ተራው የእሷ ነው። የሚያጣድፋት ሞተር የለም።

«በሰባተኛው ዓመት አልዘነበም» አለች። «አንድ ጠብታ አልጣለም። ሣሩ ከሥሩ ተነቀለ። ከአርባ ግመል የተረፈው ሦስት ነው። አንዲት ልጅ ነበረች። የታጨችለት ሰው ወሰኑ ሲዘጋ ከወዲያ ቀረባት። ስድስት ዓመት ዝናብ በመጣ ቁጥር ኮረብታ ላይ ወጥታ ወደ ምሥራቅ ታይ ነበር። በሰባተኛው ዓመት አልዘነበም፤ ልጅቷ ግን ወጣች። ክረምቱን ሙሉ ወጣች። ሰባት ዓመት ጠበቀችው። በስምንተኛው ግመል ያለቀበት አባቷ ለሌላ ሰጣት። እሺ አላለችም።»

ወግሪስ አላቋረጣትም። ስትጨርስ እንደ ወጉ ከመጀመሪያው አንስቶ ደገመላት፤ ዝናቡን፣ ሣሩን፣ ሦስቱን ግመሎች፣ ኮረብታውን፣ ሰባቱን ዓመት። አንድ ቃል አላጎደለም። ተነሥቶ ሽርጡን አራገፈና ሊሄድ ካለ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለው። እንደዚህ ያለ ነገር ሳይጠየቅ አይወሰድም።

«እናቴ» አላት፣ «ይኼን አይተሽ ነው ወይስ ሰምተሽ?»

ሞሚና ቀና ብላ አየችው።

«አይቼ ነው» አለች።